በሌሊት ወፍ ደም ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያን በሽታ ያስተላልፋሉን?

ፀሐይ ስትጠልቅ በመቐለ ከተማ በሓድነት ክፍለ ከተማም ሆነ ከከተማዋ ውጭ ባሉ የገጠር መንደሮች የሌሊት ወፎች ከጣሪያ ሥር፣ ከድንጋይ ግንብ ስንጥቅና ከገደል ዋሻ እየወጡ ነፍሳትን ማደን ይጀምራሉ። ወፍ ይሁኑ አይጥ ሲያነጋግሩ የኖሩት እነዚህ እንስሳት ዛሬ የሚያስነሡት ጥያቄ ሌላ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ መከሠቱ በጤና ሚኒስቴር ከተረጋገጠ ወዲህ “ቤታችን ጣሪያ ሥር ያሉት የሌሊት ወፎችስ በሽታ ያመጡብን ይሆን?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አያስደንቅም።

ማርበርግ ቫይረስ ነው። በሌሊት ወፎች ደምና የውስጥ አካል ውስጥ ግን ከቫይረስ ሌላ ብዙም ያልተነገረላቸው ነዋሪዎች አሉ። እነርሱም በዓይን የማይታዩ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የወባን ተሕዋስ ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹ ከብቶችን ከሚያጠቃው የገንዲ በሽታ ተሕዋስ ጋር ይዛመዳሉ። በኢትዮጵያ የተካሄደ አንድ ጥናት ደግሞ የቆዳ ቁስልና ካላዛር ከሚያመጡት ወገን የሆነ ጥገኛ በሌሊት ወፎች ላይ አግኝቷል። ይህ ግኝት ምን ይላል? ምንስ አይልም? በተለይ ለሥራ ወደ ቆላ ለሚወርደው ገበሬና ለቤተሰቡ የጥያቄው መልስ ከሕይወት ጋር የተያያዘ ነው።

በሌሊት ወፍ ደም ውስጥ ምን ይኖራል?

በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል። በኢትዮጵያም ከ70 የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ነፍሳትን የሚመገቡ ሲሆን ጥቂቶቹ ፍራፍሬና የአበባ ማር ይመገባሉ። ደም የሚመጥጡት ሦስት ዝርያዎች የሚገኙት በላቲን አሜሪካ ብቻ ነው። በአፍሪካ ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ የለም።

የሌሊት ወፎች ብዙ ጥገኛ የሚያስተናግዱት ከአኗኗራቸው የተነሣ ነው። በመቶዎችና በሺዎች ሆነው ተጠጋግተው ያድራሉ። ከአካላቸው ትንሽነት አንጻር ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ በሳይቤሪያ ምልክት የተደረገበት አንድ ትንሽ የሌሊት ወፍ ቢያንስ 41 ዓመት መኖሩ ተረጋግጧል። የሚያድሩበት ዋሻ፣ የዛፍ ቀዳዳና የግንብ ስንጥቅም ደም ለሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት የተመቸ ነው። በመሆኑም ጥገኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ሰፊ ዕድል ያገኛል።

በደማቸው ውስጥ ከሚገኙት መካከል የወባ ዘመድ የሆኑ ተሕዋስያን አሉ። ከእነዚህ አንዱ ፖሊክሮሞፊለስ የሚባለው ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ሐኪም ዲዮኒሲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሌሊት ወፎች ደም ውስጥ አይቶታል። ይህ ጥገኛ ከአንዱ የሌሊት ወፍ ወደ ሌላው የሚሻገረው በወባ ትንኝ አይደለም። የሚያሻግረው በሌሊት ወፎች ፀጉር ውስጥ ብቻ የሚኖር ክንፍ አልባ ዝንብ ነው። ሔፓቶሲስቲስ የተባለው ሌላው የወባ ዘመድ በአፍሪካ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ያስተላልፉታል። ሁለቱም ሰውን ሲያሳምሙ አልታየም። የሰው ወባ በሴት አኖፌለስ ትንኝ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በመሆኑ፣ በቤት ጣሪያ ሥር የሌሊት ወፍ መኖሩ የወባ ሥጋትን አይጨምርም።

ሁለተኛው ወገን ትሪፓኖሶማ የሚባለው ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች በገንዲ በሽታ፣ የቆላ ግመል አርቢዎች ደግሞ በሱራ በሽታ የዚህን ወገን ጉዳት ያውቁታል። የሌሊት ወፎችም የራሳቸው የሆኑ በርካታ የትሪፓኖሶማ ዝርያዎች አሏቸው፤ እነዚህ ግን ገንዲን ከሚያመጡት የተለዩ ናቸው። በላቲን አሜሪካ ቻጋስ የተባለውን የሰው በሽታ የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ በሩቅ ዘመን ከሌሊት ወፎች ጥገኛ የመነጨ ሊሆን ይችላል የሚል መላምት እ.ኤ.አ. በ2012 በተመራማሪዎች ቀርቧል። እንዲህ ያለው ሽግግር የሚፈጸመው በሺዎችና በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው። አንድ ጥገኛ በአንድ ክረምት ከሌሊት ወፍ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት በረት ይገባል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ወገን ሌሽማኒያ ነው። በኢትዮጵያ በተለይ ትኩረት የሚሻውም ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ የተገኘው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2015 አክታ ትሮፒካ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ በአይሸሽም ካሳሁንና በባልደረቦቻቸው የተሠራ አንድ ጥናት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከተያዙ 163 የሌሊት ወፎች ጣፊያ ናሙና ወስደው የሌሽማኒያ ዘረመል ይገኝበት እንደሆነ መረመሩ። እንስሳቱ የ23 ዝርያዎች አባላት ነበሩ።

ውጤቱ ስምንት የሌሊት ወፎች፣ ማለትም ከመቶ 4.9 ያህሉ፣ የጥገኛው ዘረመል እንዳለባቸው አሳየ። አራቱ የተያዙት በሽታው በሰው ላይ በሚታወቅባቸው በአባ ሮባና በአዋሽ መተሐራ አካባቢዎች ነበር። የቀሩት አራቱ ግን በሽታው ከማይታወቅባቸው ከመቱ፣ ከበደሌና ከማሻ የተገኙ ነበሩ። የጥገኛው ዝርያ በግልጽ ሊለይ የቻለው በሁለቱ እንስሳት ብቻ ነው። አፍንጫው የልብ ቅርጽ ባለው የሌሊት ወፍ ላይ ሌሽማኒያ ትሮፒካ፣ ጸጉራምና አፍንጫው በመካከል የተሰነጠቀ በሚመስለው ሌላ ዝርያ ላይ ደግሞ ሌሽማኒያ ሜጀር ተገኘ። ሁለቱም በሰው ላይ የቆዳ ቁስል የሚያመጡ ናቸው። ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ የሚታወቁ የሌሽማኒያ ዝርያዎች በተፈጥሮ በሌሊት ወፍ ላይ መገኘታቸው ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሌሊት ወፎች ሰውን የሚያጠቃው ሌሽማኒያ ከሚጠለልባቸው እንስሳት መካከል ሊሆኑ እንደሚችሉ ታስቦ ጉዳዩ ሊጠና ይገባል አሉ። አንባቢ እዚህ ላይ “ሊሆኑ ይችላሉ” የሚለውን ቃል ልብ ሊለው ይገባል። ገዳዩን ካላዛር የሚያመጣው ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ ዝርያቸው ከተለዩት ሁለት ናሙናዎች መካከል አልነበረም።

መገኘትና ማስተላለፍ አንድ አይደሉም

የጥገኛ ዘረመል በአንድ እንስሳ ጣፊያ ውስጥ ተገኘ ማለት እንስሳው በሽታውን ለሰው ያስተላልፋል ማለት አይደለም። ሌሽማኒያ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሻገረው የአሸዋ ዝንብ በተባለች ነፍሳት አማካይነት ነው። የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፤ ርዝመቷ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ድምፅ የላትም፤ አጭር አጭር እየዘለለች ትበራለች። ቀን ቀን በዋሻ፣ በድንጋይ ካብ፣ በዛፍ ቀዳዳ፣ በኩይሳና በመሬት ስንጥቅ ተሸሽጋ ትውልና ከምሽት እስከ ንጋት ደም ፍለጋ ትወጣለች።

የሌሊት ወፍና የአሸዋ ዝንብ በአንድ ዋሻ ወይም በአንድ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ሊውሉ ይችላሉ። ጥገኛው ያለባት ዝንብ የሌሊት ወፉን ብትነክሰው ጥገኛው ወደ ሰውነቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ሊከተሉ ይችላሉ። ጥገኛው በእንስሳው አካል ውስጥ ሳይራባ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ ከሆነ እንስሳው ለበሽታው መጨረሻ እንጂ መሸጋገሪያ አይሆንም። ወይም ደግሞ ጥገኛው በደምና በቆዳ ውስጥ በርክቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሌላ የአሸዋ ዝንብም ደም ስትመጥ ይዛው ትሄዳለች። እንስሳው የበሽታ መጠለያ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ሲረጋገጥ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ሳይንስ ተከታታይ ማስረጃዎችን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ከዘረመሉ ባሻገር ሕያው ጥገኛ ከእንስሳው መገኘት አለበት። ቀጥሎ በእንስሳው ላይ የተመገበች ንጹሕ የአሸዋ ዝንብ ጥገኛውን መያዟ መታየት አለበት። ከዚያም ዝንቧ በተፈጥሮ የዚያን እንስሳ ደም የምትመገብ መሆኗ፣ በእንስሳውና በዚያው አካባቢ በሚኖሩ ሕመምተኞች ላይ ያለው የጥገኛ ዝርያ አንድ መሆኑ፣ ብዙ እንስሳትም ተይዘው ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መሆኑ ይጠናል። በሌሊት ወፎች ላይ የተገኘው የኢትዮጵያ ውጤት የሚገኘው በዚህ መሰላል የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነው።

መሰላሉ እስከ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ሽኮኮ ጥሩ ምሳሌ ናት። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የቆዳ ሌሽማኒያሲስን በዋነኛነት የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ የተባለው ዝርያ ነው፤ ስሙን ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር። ተመራማሪዎች በገደልና በቋጥኝ መካከል በሚኖሩ ሽኮኮዎች ላይ ሕያው ጥገኛ አገኙ፤ በዚያው ገደል ውስጥ የሚኖሩት የአሸዋ ዝንቦች የሽኮኮ ደም እንደሚመገቡ አዩ፤ በአካባቢው ነዋሪዎች ቁስል ውስጥም ያው ዝርያ መኖሩን አረጋገጡ። በጋሞ ደጋማ ቦታዎች በምትገኘው ኦቾሎ የተደረጉ ጥናቶችም ከአሥርት ዓመታት በኋላ ይህንኑ አጠናክረዋል። ሽኮኮ የበሽታው መጠለያ ናት የሚባለው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለ ሌሊት ወፎች ተመሳሳይ ማስረጃ ገና አልቀረበም።

ለመቐለና ለአካባቢው ነዋሪ ምን ማለት ነው?

ሌሽማኒያ በትግራይ እንግዳ አይደለም። በሁለት መልክ ይታያል።

የመጀመሪያው የቆዳው በሽታ ነው። በአማርኛ ቁንጭር፣ በትግርኛ ጊዝዋ ይባላል። በምሥራቅ ትግራይ የሚገኘው ሳዕሲዕ ፃዕዳ እምባ በሽታው ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በፊት ላይ፣ በአፍንጫ፣ በጉንጭ ወይም በጆሮ ላይ በትንሽ እብጠት ይጀምራል፤ እየሰፋ ይሄድና ቅርፊት የሚይዝ ቁስል ይሆናል። ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። አይገድልም፤ ነገር ግን ጠባሳው ዕድሜ ልክ የሚቀር ነው። በተለይ ሕፃናትና ወጣቶች በፊታቸው ላይ በሚቀረው ምልክት ምክንያት ይገለላሉ። ወደ አፍና ወደ አፍንጫ ውስጥ የሚዛመተው ዓይነት ደግሞ የፊትን ቅርጽ እስከማበላሸት ይደርሳል።

ሁለተኛው ካላዛር ነው። ጥገኛው ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት መቅኒ ገብቶ ይራባል። ሕክምና ካልተደረገለት ከመቶ ሕመምተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታው በስፋት የሚታወቀው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሚመረትባቸው በሑመራና በመተማ ቆላዎች ነው። በእነዚህ ቦታዎች ጥገኛውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፎች ሥር ትኖራለች። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርዱ ሠራተኞች በእርሻው አጠገብ በሜዳ ላይ ያድራሉ። ከደጋ የመጣ ሰው በሽታውን ከዚህ በፊት ስለማያውቀው ሰውነቱ መከላከያ አላዳበረም።

ከዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። አንድ ሰው በዝንቧ ከተነከሰ በኋላ የካላዛር ምልክት እስኪታይበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ሠራተኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ትኩሳቱ የሚነሣበት በመቐለ፣ በእንደርታ ወይም በሌላ ደጋማ መንደር ሲሆን፣ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ተብሎ ደጋግሞ ሊታከም ይችላል። ሳምንታት እየነጎዱ በሄዱ ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ደሙ ያንሳል፤ አፍንጫው ይደማል። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ካለ በሽታው ይበልጥ ይከፋል፤ ከሕክምና በኋላም ሊያገረሽ ይችላል።

መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ ካላዛር በብዛት የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአማራ ክልል በሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው ወረርሽኝ በሽታው ቀድሞ በማይታወቅበት ደጋማ አካባቢ ብዙ ሰው ገድሏል። በመጀመሪያም ወባ ነው ተብሎ ነበር። እንግዲህ በቤት ውስጥ ትኩሳቱ አልበርድ ያለ ሰው ሲኖር ሊመረመር የሚገባው ጣሪያው አይደለም። በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው “ባለፈው ዓመት ወዴት ሄደህ ነበር? የት ታድር ነበር?” የሚለው ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ካላዛር በዋነኛነት የሚዛመተው ጥገኛው ካለበት ሰው ወደ ሌላ ሰው በአሸዋ ዝንብ አማካይነት እንደሆነ ይታመናል። አንድ ሕመምተኛ በጊዜ ከታከመ ሕይወቱ ይተርፋል፤ ለሌሎች የሚተርፈው ጥገኛም ይቀንሳል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ፈጣን ምርመራ ይደረጋል። በምሥራቅ አፍሪካ ሲሠራበት የቆየው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ መድኃኒቶች ለ17 ቀናት በመርፌ የሚሰጡበት ነው። ሕመሙ ለጸናባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችና ኤች አይ ቪ ላለባቸው ሌላ መድኃኒት አለ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈና ከቆላ የተመለሰ ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ የነበረበትን ቦታ ለባለሙያው ሊናገር ይገባል። ከፍ ያለ ምርመራ ካስፈለገ ጤና ጣቢያው በመቐለ እንደሚገኘው ዓይደር ሆስፒታል ወዳለ ተቋም ይልከዋል።

የሌሊት ወፍን መግደል ለምን መፍትሔ አይሆንም?

የሌሊት ወፎች ጥገኛ ተገኘባቸው ሲባል አንዳንዶች ዋሻቸውን በጭስ ማጠን ወይም መርዝ መርጨት መፍትሔ ይመስላቸዋል። የጎረቤት አገር ልምድ ግን ተቃራኒውን ያሳያል።

በምዕራብ ኡጋንዳ ኪታካ በተባለ የማዕድን ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ቫይረስ ተያዙ። በዋሻው ይኖሩ የነበሩት ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ቫይረሱን ተሸክመው ተገኙ፤ በዚያን ጊዜ ከመቶ 5.1 ያህሉ ተይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ የሌሊት ወፎቹ እንዲጠፉ ተደረገ። በ2012 ከዋሻው 20 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኢባንዳ የማርበርግ ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎች ወደ ኪታካ ተመልሰው ሲመረምሩ ጥቂት የሌሊት ወፎች እንደገና ሰፍረውበት አገኙ፤ ከእነርሱም መካከል የተያዙት ከመቶ 13.3 ደርሰው ነበር። ማጥፋቱ በሽታውን አልቀነሰም። ይልቁንም ነባሮቹ ሲጠፉ በሽታውን ቀድሞ የማያውቁ አዳዲስ እንስሳት ቦታውን እንደያዙና ቫይረሱ በእነርሱ መካከል በፍጥነት እንደተዛመተ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ።

ለገበሬው ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ነፍሳት በል የሌሊት ወፎች በየሌሊቱ ትንኞችን፣ የእሳት እራቶችንና ጥንዚዛዎችን ይለቅማሉ። ከእሳት እራቶቹ መካከል እጫቸው በቆሎና ማሽላ የሚያበላሹ ይገኙበታል። በማዳጋስካር በሩዝ ማሳ ዙሪያ የተደረገ ጥናት የሌሊት ወፎች ሩዝን የሚያጠቁ ተባዮችን እንደሚመገቡ አሳይቷል። ፍራፍሬ በሎቹም የዛፎችን ዘር ይበትናሉ፤ አበባም ያዳቅላሉ። እነርሱን ማጥፋት ያለ ደመወዝ የሚሠራ የማሳ ጠባቂን ማባረር ነው።

ይህ ሲባል ግን የሌሊት ወፎች ፈጽሞ ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም። በሌሊት ወፎችና በሰው ጤና መካከል በጥብቅ የተረጋገጠው ግንኙነት ከደም ጥገኞች ይልቅ በቫይረሶች በኩል ነው። የማርበርግ ቫይረስ መጠለያ የሆነው ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ በኢትዮጵያም ይኖራል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ የሆነውና ሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ የሚባለውም በኢትዮጵያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ 115 የእብድ ውሻ በሽታ ናሙናዎች መካከል አንዱ ይኸው ቫይረስ ሆኖ ተገኝቷል። ቀሪዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የተለመደው የእብድ ውሻ በሽታ ነበሩ። እነዚህ ቫይረሶች የአሸዋ ዝንብ ሳያስፈልጋቸው በንክሻ፣ በምራቅ፣ በሽንትና በኩስ ንክኪ ሊተላለፉ ስለሚችሉ ጥንቃቄው የሚያተኩረው ንክኪን በመቀነስ ላይ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የጥንቃቄ እርምጃዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ከአሸዋ ዝንብ፣ ሌላው ከሌሊት ወፍ ንክኪ የሚጠብቅ ነው።

ከአሸዋ ዝንብ ለመጠበቅ፦

• ለወቅታዊ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዞ ሊሄድ ይገባል። ዝንቧ በጣም ትንሽ በመሆኗ መድኃኒት በሌለው ተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ትችላለች፤ የተነከረው ግን ይገድላታል።
• የመኝታ ቦታ ከኩይሳ፣ ከግራር ዛፍና ከተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ርቆ ቢመረጥ ይሻላል። ከምሽት እስከ ንጋት ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ሱሪ መልበስ ይረዳል።
• በደጋማ መንደሮች የቤትና የበረት ግንብ ስንጥቆችን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ መድፈን፣ ፋንድያና የፈራረሰ ድንጋይ ከመኝታ ቤት አጠገብ ማራቅ ዝንቧ የምትሸሸግበትን ቦታ ይቀንሳል።
• በሽኮኮ ገደል አቅራቢያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸው በምሽት በገደሉ ሥር እንዳይጫወቱና በዋሻ ውስጥ እንዳያድሩ ሊከለክሏቸው ይገባል።
• በፊት ላይ የወጣና በሦስትና በአራት ሳምንት ያልዳነ ቁስል በእሳት ወይም በቅጠል ከመተኮስ ይልቅ ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ከሌሊት ወፍ ንክኪ ለመጠበቅ፦

• የወደቀ፣ የታመመ ወይም የሞተ የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ መነካት የለበትም። ልጆች እየያዙ እንዳይጫወቱበት ማስተማር ያስፈልጋል።
• የሌሊት ወፍ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል።
• በሌሊት ወፍ የተነከሰ ፍሬ አይበላ። የመጠጥ ውኃ ዕቃና እህል ይከደን።
• በርካታ የሌሊት ወፎች ወዳሉበት ዋሻ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ መከላከያ መግባት አይገባም።
• በጣሪያ ሥር የሰፈሩትን ማስወጣት ካስፈለገ፣ ሁሉም ለአደን ከወጡ በኋላ በምሽት ቀዳዳውን መድፈን የተሻለው መንገድ ነው። ግልገል ባለበት ወቅት ከሆነ ግልገሎቹ መብረር እስኪጀምሩ መጠበቅ ያስፈልጋል።
• ኩሳቸው ሲጠረግ አቧራው እንዳይነሣ በመጀመሪያ ውኃ ይረጭበት፤ የሚጠርገው ሰውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ጓንት ያድርግ።

በሌሊት ወፎች ላይ የሚደረገው ምርምር ገና ብዙ ይቀረዋል። የኢትዮጵያ ዋሻዎችና ገደሎች ብዛት፣ የአሸዋ ዝንቦች ዝርያ መለያየትና የሰዎች ከደጋ ወደ ቆላ መመላለስ ሲታሰብ፣ እንስሳትን፣ ሰውንና አካባቢን በአንድነት የሚያይ ጥናት ያስፈልጋል። የሰው ሐኪም፣ የእንስሳት ሐኪምና የነፍሳት ተመራማሪ ለየብቻቸው ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ አይደለም። እስከዚያው ድረስ ግን ከታወቀው ብቻ ተነሥቶ ሕይወት ማትረፍ ይቻላል። ከሑመራ ወይም ከመተማ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰና ትኩሳት የያዘው ወጣት ወደ ጤና ጣቢያ በጊዜ ከደረሰ ይድናል። ቤተሰቡ የሕመሙን ምክንያት በጣሪያ ሥር ሲፈልግ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ግን የመዳን ዕድሉን ያጠብበዋል።